የልጄ ስም በሌላ ሰው ፊት ሥር

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ጦርነቱ በከፋበት ዘመን፣ በመስቀል ሰሞን ነው። ቦታው ሆሳዕና፣ የቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ። ብዙ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ቴሌቪዥን ላይ ከሰው ፊት ሥር ስም ተጽፎ ባየሁ ቁጥር እንደ አዲስ ያመኛል። በዚህ ዘመን ደግሞ ስሙ የማይጻፍለት ሰው የለም። ስለዚህ ሁልጊዜ ያመኛል ማለት ነው።

ቆዳ ነጋዴ ነበርኩ። ከቦኖሻና ከአካባቢው ገበያ ቆዳ እየገዛሁ፣ ጨው እየነሰነስኩ ለአዲስ አበባ ነጋዴ አስረክባለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያስተማረኝ የገዛ ልጄ ሄራሞ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። አመሻሽ ላይ አዳራሹ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የአባቱን እኩዮች ያስተምራል። አባቴ ነው ብሎ አላዘነልኝም።

«አባ፣ ይቺ 'ጠ' ናት ወይስ ገበያ ያመለጠህ ፍየል?» ይለኛል ሰው ፊት።

አዳራሹ ይስቃል። እኔም «አንተ ልጅ፣ ቤት እንገናኛለን» እላለሁ። ቤት ስንገናኝ ግን እጄን ይዞ ያስጽፈኛል እንጂ ምንም አላደርገውም።

እናቱ ጀምራ ተወችው። «እንሰቱን የምፍቀው እኔ፣ ፊደሉን የምቆጥረው እኔ? አንዱን እናንተ ያዙ» አለች። እውነቷን ነው። ፊደሉን እኛ ያዝን።

ከዘመቻው በኋላ ለቀበሌያችን ቴሌቪዥን ተሰጠው። በእንጨት ሣጥን ውስጥ ሆኖ ከፍ ብሎ ተሰቀለ፤ የሣጥኑ ቁልፍ ከሊቀ መንበሩ ኪስ አይወጣም። እኛ የመሠረተ ትምህርት ምሩቆች ታዲያ አንድ ልማድ አበጀን። ጽሑፍ በወጣ ቁጥር ሁላችንም ጮክ ብለን፣ በአንድ ድምፅ እናነባለን። ማንም አላዘዘንም። ክፍል ውስጥ አስተማሪው በዱላው ሲጠቁም ተባብረን ማንበብ ስለለመድን፣ ቴሌቪዥኑም የሚጠቁምልን ይመስለን ነበር። የባለሥልጣኑን ስም ከነማዕረጉ እናነባለን። የፕሮግራሙን ርዕስ እናነባለን። መጨረሻ ላይ ወደ ላይ እየተንሸራተተ የሚሄደውን የሠራተኞቹን ስም ለማንበብ እንሽቀዳደማለን። ብዙ ጊዜ ሳንጨርሰው ይጠፋል። «እነዚህ ሰዎች ማን እያባረራቸው ነው?» እያልን እንሰድባቸዋለን። የትምህርት ቤት ልጆች ይስቁብናል። ይሳቁ። በሕይወታችን ሁሉ ሌላ ሰው ሲያነብልን የኖርን ሰዎች ነን።

ሄራሞን አዲሎ ከተማ ላይ ለጦርነቱ አፈሱት። ዱራሜ ያለችውን አክስቱን ሊጠይቅ ሲሄድ ከመኪና እንደ ወረደ ነው የያዙት። ወሬው ሲደርሰኝ የያዝኩትን ቆዳ ጥዬ ሄድኩ። ስደርስ መኪናው ልጆቹን ጭኖ ሄዷል። አንዲት ሸንኮራ ሻጭ «ረጅሙን ልጅ ነው? እሱ አላለቀሰም» አለችኝ። ምን ይረባኛል።

ከማሠልጠኛ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ለማንም አላስነበብኩም፣ ራሴ አነበብኩት። ከግንባርም ጻፈ። ከዚያ ዝም አለ። ቀበሌ ሄጄ ስጠይቅ ሊቀ መንበሩ «ጓድ ላምቤቦ፣ ልጅህ የአገር አደራ ላይ ነው» ይለኛል። የት እንዳለ ግን አይነግረኝም፤ እሱም አያውቅም። ስለዚህ በየምሽቱ አዳራሽ መሄድ ጀመርኩ። እንደ ሌላው ጽሑፍ ለማንበብ አይደለም። ወታደር ባሳዩ ቁጥር ፊት ለመፈለግ ነው። የሄራሞ እናትም ትመጣና ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ትቀመጣለች።

በመስቀል ሰሞን አንድ ምሽት፣ ከዜና በኋላ፣ ቁስለኛ ወታደሮች ለቤተሰቦቻቸው የበዓል ሰላምታ የሚያቀርቡበት ፕሮግራም ታየ። አዳራሹ ጢም ብሏል። የታፈሰበት ቤት ብዙ ነበር። ማገገሚያ ውስጥ የተቀረጸ ነው፤ አልጋው ይታያል፣ ክራንቹ ግድግዳ ተደግፎ ይታያል። ጋዜጠኛው ማይክራፎኑን እየሰጠ ያናግራቸዋል።

መጀመሪያ የታየው የወሎ ልጅ ነው። ስሙ ከሥር ወጣ፣ አነበብን። ሁለተኛው ሳቂታ ነበር፣ እጁን ተቆርጧል፤ የሱንም አነበብን። ሦስተኛውና የመጨረሻው ራሱ በፋሻ የታሰረ፣ ክስት ያለ ልጅ ነው። «እናቴ፣ እንኳን አደረሰሽ፣ ደኅና ነኝ፣ በቅርቡ እመጣለሁ» አለ። ከሥሩ ነጭ ጽሑፍ ወጣ። አዳራሹ እንደ ልማዱ በአንድ ድምፅ አነበበ።

«ወታደር ሄራሞ ላምቤቦ።»

ያነበብነውን የሰማነው ከአፋችን ከወጣ በኋላ ነው። አዳራሹ ተናጋ። ከፊት ያለው ዞሮ አቀፈኝ፣ ከኋላ ያለው ጀርባዬን ደበደበኝ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል የሄራሞ እናት ከኋላ ቆማ ነበር። እልል አላለችም።

«ይሄ የኔ ልጅ አይደለም» አለች።

«የሄራሞ እናት፣ ደስታው ነው» አሏት።

«ደስታ አይደለም። ልጄ አይደለም።»

ሊቀ መንበሩ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ወደ እሷ ሄደ። «ተጽፏል እኮ፤ ሁሉም ሰው አንብቧል። መንግሥት የጻፈው ይሳሳታል?»

«መንግሥትን አላውቅም፣ የልጄን ጆሮ አውቃለሁ። የሱ ጆሮ እንደዚህ ልጅ ከፋሻው ወደ ውጭ የቆመ አይደለም።»

ሰው ሳቀ። አንዱ ጎረቤታችን «ጦር ሜዳ ሰው ይለውጣል፣ የሄራሞ እናት» አላት።

«ጆሮም ይለውጣል?» አለችውና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

እኔስ ምን አየሁ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፊቱን በደንብ አላየሁትም። ጽሑፉ ወጣ፣ ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። ስሙ ከነስሜ ተጽፏል። ያን ስም በኖራ ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ፊቱን እንደ ገና እንዳልፈልግ ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ ሣጥኑ ተቆለፈ።

በማግስቱ ጎረቤት እየመጣ አናቴን ቅቤ ቀባኝ። ቤቴ የሠርግ ቤት መሰለ። እሷ እንግዳ ታስተናግዳለች፣ ሰው ሲወጣ ግን ፊቷን ታዞርብኛለች።

«ስሙ የሱ ነው፣ የሄራሞ እናት። አሁን ምን ላድርግሽ?»

«ስሙ የሱ ከሆነ ፊቱ የታለ? የሰው ልጅ አሳይተውኝ ደስ ይበልሽ ትሉኛላችሁ።»

«ሌላ ሄራሞ ላምቤቦ የለማ።»

«እንግዲያው የጻፈውን ሰው ሂድና ጠይቀው። ጽሑፍ በራሱ አይበቅልም።»

ይሄ አነጋገሯ እንቅልፍ ነሳኝ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። ሊቀ መንበሩ «ልታመሰግናቸው ነው?» አለኝ፤ «አዎ» አልኩት። ለልጄ የሚሆን ልብስ ቋጥሬ፣ ቅቤ በቅል ይዤ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

የቴሌቪዥኑ መሥሪያ ቤት በር ላይ ጥበቃው አላስገባህም አለኝ።

«ሰውዬ፣ እዚህ ቆዳ አይገዛም» አለኝ።

«ቆዳ ነጋዴ መሆኔን ማን ነገረህ?»

«ሽታህ።»

ምን ልበለው፣ እውነቱን ነው። ልጄን ፍለጋ መምጣቴን ስነግረው አነጋገሬን ሰማና «የት አገር ነህ?» አለ። ሆሳዕና አልኩት። እሱ የዱራሜ ሰው ሆነ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ቅሌን ተቀብሎ ጥላ ውስጥ አስቀመጠልኝና ራሱ እየመራ አስገባኝ።

ያስገባኝ ስም የሚጻፍበት ክፍል ነው። እታፈራሁ የምትባል፣ ጠና ያለች፣ ጣቷ በነጭ ቀለም የተለወሰ ሴት አለች። ጠረጴዛዋ ላይ ጥቁር ካርቶን ተቆልሏል። ቴሌቪዥን ላይ የማየው ጽሑፍ ሁሉ ከዚህ ነው የሚወጣው፤ ሰው በብሩሽ ይጽፈዋል። ጥግ ላይ ደግሞ ከውጭ የመጣ ኮምፒዩተር ተቀምጧል። ጽሑፍ የሚያወጣ ማሽን ነው፣ ግን የፈረንጅ ፊደል እንጂ የኛን አያውቅም አሉኝ። መነጽር ያደረገ ቴክኒሺያን ፊቱ ተቀምጦ ነጥብ በነጥብ እየደረደረ ፊደል ያስተምረዋል።

«የት ደረሰ?» አልኩት።

«'ሀ'ን ጨርሷል፣ 'ለ' ላይ እየታገልን ነው» አለኝ።

«አይዞህ፣ እኔም እዚያ ጋ ብዙ ቆይቻለሁ» አልኩት። ሦስታችንም ሳቅን። ሳቅ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልመጣልኝም።

ጽሑፉ እንዴት ሰው ላይ እንደሚወጣ እታፈራሁ አሳየችኝ። ካርዶቹ እንደ ፕሮግራሙ ቅደም ተከተል ተደርድረው ማቆሚያ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ካሜራ እነሱን ብቻ ያያል። የሰውየው ምስል በሌላ በኩል ከቴፕ ይመጣል። ሁለቱን ሲያጋጥሟቸው ጥቁሩ ይጠፋል፣ ነጩ ፊደል ሰውየው ላይ ይቀራል። ዳይሬክተሩ «ስም» ይላል፣ ካርዱ ይታያል። ከዚያ እሷ ከላይ ያለውን ትስባለች፣ ቀጣዩ ይጠብቃል።

«እርስዎ ምስሉን አያዩም?» አልኳት።

«እኔ ዓይኔ ካርዱ ላይ ነው፣ ጋሼ። ጆሮዬ ደግሞ ዳይሬክተሩ ላይ። ቀና ካልኩ ይዘበራረቅብኛል።»

ለምን እንደ መጣሁ ነገርኳት። የልጄ ስም ወጥቷል፣ እናቱ ፊቱ የሱ አይደለም ትላለች አልኳት። እሷም ቅር ሳይላት ተነሥታ ከመደርደሪያው የዚያን ምሽት ካርዶች አወረደች፤ በሲባጎ ታስረዋል። ፈታችና አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔም ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነበብኩ። የወሎው ልጅ። ሳቂታው። ከዚያ ወታደር ሄራሞ ላምቤቦ። የሷ እጅ ጽሑፍ ያምራል።

ከሱ ሥር ሌላ ካርድ አለ። ያን ስም አዳራሻችን አላነበበውም።

«የታዩት ሰዎች ስንት ነበሩ?» አለችኝ።

«ሦስት።»

ካርዶቹን አየች። አራት ናቸው። እጇ የልጄ ስም ላይ እንዳለ ቀረ። ቴክኒሺያኑን አየችው፣ እሱም መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው የመጡት?»

አገራችን ላይ ሰው ይህን ሲጠይቅህ ነገሩ አልቋል። መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ሆኖ ነው የሚነገረው። እሷ ሽማግሌ የላትም። ያላት ካርቶን ነው።

«ብቻዬን ነው የመጣሁት። ተናገሪ» አልኳት።

«እኔ ምንም የማውቀው የለም፣ በእውነት» አለችና ጋዜጠኛውን ልትጠራ ወጣች።

ጋዜጠኛው ወጣት ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ካየሁት ያንሳል። ውኃ አስመጣልኝ፤ እጁ ላይ ተውኩት። መንገድ እንዴት ነበር፣ ሆሳዕና ዝናብ አለ ወይ አለኝ። «ልጄ ሞቷል አይደል?» አልኩት። አጠገቤ ተቀምጦ ነገረኝ።

ልጄ እዚያ ማገገሚያ ነበር። ታንክ ውስጥ ተቃጥሏል። ከሌሎቹ ጋር ተቀርጿል፣ ተናግሯል። ፕሮግራሙ ሊተላለፍ ጥቂት ሲቀረው ከማገገሚያው ተደወለላቸው፤ ቁስሉ መርዞ ሞቷል። እነሱም የሱን ክፍል ቆርጠው አወጡት።

«በሕይወት የሌለ ልጅ እመጣለሁ ሲል ማሳየት ለቤተሰቡ ግፍ ነው ብለን ነው» አለኝ።

ምስሉን ቆረጡ። ካርዱን ግን ማንም አላነሳም፤ ለእታፈራሁ የነገራት የለም። የሱ ተራ ሲደርስ እሱ የለም፣ ከሱ በኋላ የነበረው ልጅ መጣ። ዳይሬክተሩ «ስም» አለ። እሷም ቀጣዩን አሳየች። የልጄ ስም በሌላ ሰው ልጅ ፊት ሥር ወጣ። የዚያ ልጅ ስም ደግሞ ማቆሚያው ላይ ቀረ።

እናቱም ልክ ነበረች፣ እኔም ልክ ነበርኩ። ፊቱ የሱ አልነበረም፣ ስሙ የሱ ነበር።

«የተቆረጠውን አሳየኝ» አልኩት።

«ቴፑ ላይ ሌላ ተቀርጾበታል። ቴፕ እጥረት አለብን፣ ጋሼ።»

«ምን ቀረጻችሁበት?»

«ስብሰባ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

በልጄ ፊት ላይ ስብሰባ ቀረጹበት። ጭብጨባ። ልመታው ነበር፤ ጉልበቱ አልነበረኝም። ቢያንስ ምን እንዳለ ንገረኝ አልኩት።

ጋዜጠኛው ይሄኔ ቀና ብሎ አየኝ። «የቁስለኞቹን ስም የመጻፍ ሐሳብ አልነበረንም» አለ። «የጠየቀን ልጅዎ ነው። ፊቴ ተቃጥሏል፣ እናቴ ብታየኝ አታውቀኝም አለ። አባቴ ግን ማንበብ ተምሯል፣ ስሜን ከሥር ጻፉልኝ፣ እሱ ያነብላታል አለ። ለሱ ከጻፍን ለሁሉም እንጻፍ ብለን ነው።»

እታፈራሁ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነጩ ቀለም ጉንጯ ላይ ነበር።

ልወጣ ስል ካርዱን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። የመንግሥት ንብረት ነው፣ አይሰጥም። ጋዜጠኛው አይቶ እንዳላየ ሆነ። በሩ ላይ የዱራሜው ሰው ቅሌን ሊመልስልኝ ቆሞ ጠበቀኝ። ቅቤው ላንተ ይሁን አልኩት። አውቶቡስ ተራ ድረስ ከጎኔ ሄደ።

ሆሳዕና ስደርስ ቤቴ አልገባሁም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጋ ሄድኩ። በማግስቱ ማለዳ ሄደው በወጉ ነገሯት። የሄራሞ እናት በር ከፍታ እንዳየቻቸው፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ «ጆሮው የሱ አይደለም አላልኳችሁም?» አለቻቸው። ከዚያ ወደቀች።

የሟችን ልብስና መሣሪያ መሃል አውጥቶ ማልቀስ የአያቶቻችን ወግ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን አይወደውም። ግን አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም። ያለችውን አንድ ፎቶ ሄራሞ የተማሪ መታወቂያው ላይ ይዟት ሄዷል። ሰው ወዴት ዞሮ ያልቅስ? ወንበር መሃል ላይ አድርጌ ካርዱን አስደግፌ አስቀመጥኩት። ቄስም ሆነ ሽማግሌ አንሣው ያለኝ የለም።

የመሠረተ ትምህርት ጓደኞቼ ተሰብስበው መጡ። ዱላቸውን ተደግፈው ካርዱ ፊት ቆሙ። ማንም ሳይጠቁማቸው፣ በአንድ ድምፅ አነበቡት። «ወታደር ሄራሞ ላምቤቦ።» ያስተማራቸው እሱ ነው። ያን ቀን ጽሑፉ አልሮጠብንም። ጨረስነው፣ እንደ ገናም አነበብነው፣ አልጠፋም።

ደርግ ወደቀ። ሊቀ መንበሩም ታስሮ ተፈታ። እኛም አረጀን። አሁን ቤታችን ቴሌቪዥን አለ። ማሽኑም ፊደሉን ሁሉ ተምሯል፤ ስም በቀይና በሰማያዊ እየተሽከረከረ ይመጣል፣ ይሄዳል። ካርዱ ጓዳ ውስጥ በዚያው ጋዜጣ እንደ ተጠቀለለ ነው። የሄራሞ እናት ዛሬም ማንበብ አትችልም። አንድ ሰው ሲታይ «ማን ይላል?» ትለኛለች፤ እነግራታለሁ። ጮክ ብዬ ግን አላነብም። ከዚያ ለቅሶ ወዲህ ጮክ ብዬ ያነበብኩት ነገር የለም።

አንዳንዴ የማስበው ያን የመጨረሻውን ልጅ እናት ነው፣ ራሱ በፋሻ የታሰረውን። የት እንዳለች አላውቅም። ያን ምሽት ልጇን አይታዋለች፣ ደኅና ነኝ ሲላት ሰምታለች። ከሥሩ የተጻፈውን ማንበብ የማትችል ከሆነች በደስታ አድራለች።

እኔ ማንበብ እችል ነበር።